ሲሾም ያልበላ

ቤታችን ወህኒ ነው፣ ወህኒውም ቤታችን፤
እስረኛው ካናታችን፣ ከሥሩ ምድጃችን።
በታልማጅ ካውንቲ ሸሪፍ የተመረጠ
ከነሚስት ከነልጁ እዚያው ተቀመጠ።
እናቴ ቬርና ላሥራ አንድ እስረኛ
ባቄላ ትቀቅላለች፣ ከነሱ ተርፎ ለእኛ፤
እኔ ሰሃን ይዤ ደረጃ እወጣለሁ፣
በብረቱ ቀዳዳ እጅ እቆጥራለሁ፦
ሃያ አንድ። አንዱ ሰካራም መጋዝ ቤት ሲሠራ
ግራውን ጥሎታል ከግንዱ ጋራ።

አባቴ ዴልማር ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር፣
ውሃ የት እንዳለ የሚያውቅ ከጫማው ሥር።
ሰው የመረጠውም ይኸን አይቶ ይሆናል፣
"የተቀበረውን እሱ ያወጣዋል"።
ቆፍር ያለው ሁሉ ግን፣ ዶማው ሲጠጋ፣
ጓሮውን ማጠር ያዘ ሌሊቱ ሳይነጋ።

ከድልድዩ ግርጌ፣ ከኦሃዮ ዳርቻ፣
ሰባት ቤት ይበራል ሌሊት ሌሊት ብቻ፤
ዳይስ ይንከባለላል፣ ሳንቲም የሚውጥ ማሽን
ይደውላል፣ ይስቃል፣ ይበላል ደሞዛችን፤
መብራቱን አጥፍቶ የጭነት መኪና
ዊስኪ ያራግፋል በጓሮ ጎዳና።
ባለቤቱ ሌስተር ሃግ። አፉ ቅቤ፣ ቃሉ ማር፣
የጸሎት ቤቱን ጣሪያ የከደነው በዶላር።
ለትምህርት ቤት ጥሩምባ፣ ለመበለት ከሰል፤
እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ፣ ዋና የሚያስተምር ሲመስል።

የገና ዋዜማ በራችን ላይ ታስሮ
የአሳማ ጭን አገኘን፣ በማር ተለብጦ አድሮ፤
ከጨርቁ ሥር ፖስታ፣ የሁለት ዓመት ደሞዝ።
አባቴ ኮቱን ለበሰ፣ ሊወርድ ወደ ወንዝ።
እናቴ ቢላ እንደያዘች ከጠረጴዛው ቀረች፤
"ሥጋውንም?" አለች።
"ሥጋውንም" አላት።
ውሻችን እስከ ድልድዩ ሥጋውን ሸኘላት።

በመጋቢት አንድ ሌሊት ማዘዣና መጥረቢያ ይዘው
እሱና ምክትሉ ኤልዉድ ፒክንስ ሰባቱን ቤት ዞሩ፤
ማሽኖቹ ሆዳቸው ተቀዶ ሳንቲም ዘሩ፣
የተረፈውን ወንዙ ዋጠው።
ሕዝቡ ዳር ቆሞ አየ። ያጨበጨበ የለም።
አንድ ልጅ ሳንቲም ለቀመ፤ እናቱ "ጣል" አላለችም።

በሳምንቱ ኤልዉድን ከድልድዩ ላይ አገኙት፣
የመኪናው ሞተር ሳይጠፋ፤ በመስታወቱ ነው የመቱት።
አባቴ ነበር የላከው፣ ብቻውን፣ "ደርሰህ ና" ብሎ።
የተሸከመበትን ሸሚዝ ራሱ አጠበ፣ እናቴን ከልክሎ።

ፍርድ ቤቱ ሞልቷል፤ ያየ ሰው ግን ጠፋ፣
አንዱን ጉም ከልሎት፣ አንዱን እንቅልፍ ደፋ።
ካሥራ ሁለቱ ፈራጅ ሦስቱ የሃግ ባለዕዳ፤
ባርባ ደቂቃ "ነጻ" አሉት፣ የጠዋቱ ጉም ሳይጸዳ።

በኅዳር ምርጫ ሆነ። ባርባ አንድ ድምፅ ተሸነፈ።
ሹመቱ ሲነሣ ቤቱም አብሮ አለፈ።
ፍራሽና ድስት ጭነን ከጊቢው ስንወጣ
ባለ አንድ እጁ ሰካራም፣ ለሰባተኛ ጊዜ የታሰረው፣ እጁን በመስኮት አወጣ፤
"ቬርና! ባቄላውንስ ማን ነው የሚያመጣ?"

ከዚያ ወዲያ አባቴ በበቆሎ ወፍጮ ቤት መዛኝ ሆነ።
በመንገድ ላይ ሰላምታ የነፈጉት ሁሉ
ሁለት ወፍጮ አልፈው እሱ ጋ ይመጣሉ፤
ሚዛኑ ላይ ጣቱን አያሳርፍማ!
ያውቁ ነበር ማለት ነው።
ድምፃቸውን ለሃግ ሰው፣ በቆሏቸውን ለሱ
ሲሰጡ፣ ያውቁ ነበር።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል።
አንድ ማታ ጠየቅሁት፣ የወፍጮው ዱቄት ሳንባውን ይዞ ሲያስለው፦
"አባቴ፣ ይቆጭሃል?"

ዝም አለ። መስኮቱ ወደ ድልድዩ ነው የሚያይ።
"ያ የአሳማ ጭን" አለ፣ "እናትሽ ቢላ ይዛ ነበር።"
ሌላ ስም አልጠራም።
እጆቹን ግን፣ ሸሚዝ እንደሚያጥብ ሰው፣
እርስ በርስ ያሻቸው ነበር።